የቅዳሜ ፀሐይ

መርዳሳ ጃራ ሰማይ እያየ ደመወዝ ሲበላ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖታል። አዳማ ከተማ ዳር፣ በሽቦ በታጠረች ሜዳ ላይ፣ የአየር ጠባይ ተመልካች ነው። ጠዋት የሙቀት መለኪያውን ያነባል። ዝናብ ካለ የዝናቡን ውሃ ይሰፍራል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ከብርጭቆዋ ኳስ ሥር ያለችውን ካርቶን አውጥቶ ሌላ ይተካል። ኳሷ የፀሐይዋን ብርሃን ሰብስባ ካርቶኑን ትጠብሰዋለች፤ የተጠበሰው መስመር ርዝመት ፀሐይ የታየችበት ሰዓት ነው። ንጉሡ የወረዱ ዕለት ለክቷል። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ሰው ከቤቱ መውጣት በፈራበት ሰሞን፣ ለክቷል። የሠርጉም ዕለት ጠዋት ለክቶ ነው ሙሽራዋን ሊያመጣ የሄደው።

የሰፈሩ ሰው «የፀሐይ ዘበኛ» ይለዋል።

«ጋሽ መርዳሳ፣ ዛሬስ ስንት ኪሎ ገባ?» ይሉታል ጋሪ ነጂዎቹ።

«ላንተ መላጣ የሚበቃ ገብቷል» ብሎ ያልፋል።

በ1978 ዓ.ም. ግን ቀልዱ አላስቅ አለው። ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ በመጣ አንድ ደብዳቤ ነው። በእርዳታ የተገኘ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አንድ የውሃ ፓምፕ ከነሰሌዳዎቹ ወደ አገር ገብቷል። ፓምፑ አንድ፣ የታጩት ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ ከወለንጪቲ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው የዳሌቻ ገበሬ ማኅበርና ላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ ያለ አንድ የሠራተኞች ማረፊያ። በሁለቱም ቦታ ከኅዳር አንድ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ የፀሐይዋ ጉልበት በየዕለቱ ይለካል። የዕለት አማካዩ በካሬ ሜትር ከአምስት ኪሎ ዋት ሰዓት በታች የሆነ ቦታ «ፀሐዩ ደካማ ነው» ተብሎ ለዘለቄታው ይሰረዛል። ሁለቱም ካለፉ የበለጠው ይወስዳል። ላንጋኖን የማረፊያው ንብረት ክፍል ሠራተኛ ይለካል፤ ዳሌቻን መርዳሳ።

ዳሌቻ የመርዳሳ የትውልድ መንደር ነው። ጉድጓድ አለው፤ ጉድጓዱም ውሃ አለው። የናፍጣው ሞተር ግን ናፍጣ ከጠፋ ወዲህ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል። ስለዚህ ሴቶቹ አዋሽ ይወርዳሉ፤ ባዶ እጃቸውን ሦስት ሰዓት መሄጃ፣ ተሸክመው አራት ሰዓት መመለሻ። ከነዚያ ሴቶች አንዷ የመርዳሳ ታላቅ እኅት አበዛሽ ናት። መርዳሳ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። በዚያ አገር ብዙ ነገር ይጎድላል፤ ፀሐይ ግን እንደማትጎድል እርግጠኛ ነበር።

መለኪያዋ የግማሽ ሎሚ ያህል የብርጭቆ ቆብ ናት። ከቆቧ ሥር ጥቁር ሰሃን አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ይሞቃል፤ ሙቀቱ በሽቦ በኩል ቆጣሪ ያንቀሳቅሳል፤ ልክ እንደ መብራት ቆጣሪ፤ ሌሊት ግን ወደ ዜሮ ይመለሳል። መርዳሳ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጀርባ፣ የዛፍም የቤትም ጥላ በማይደርስበት ቦታ፣ እንጨት አስተከለና መለኪያዋን አናቱ ላይ አሰረ። በውሃ ልክ አስተካከላት። ከዚያ የጽሕፈት ቤቱን ጥበቃ ጠራቸው።

ጥበቃዋ ሻሼ ይባላሉ፤ ወደ ስድሳ የተጠጉ ሴት ናቸው። ባላቸው ወንጂ አገዳ ሲቆርጡ ኖረው ሞተዋል፤ እሳቸው በዚያው በአለቆቹ ቤት ሃያ ዓመት ሠርተው ወደ መንደራቸው ተመለሱ። በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ለይተዋል፤ እንዲያውም ከፊደሉ ይልቅ ቁጥሩን ይወዱታል።

«አዴ ሻሼ» አላቸው በአገሩ የአክብሮት አጠራር፣ «ይህ ዕቃ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት። አቧራ እንዳይነካው። ማታ ማታ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር እዚህ ደብተር ላይ ያስፍሩልኝ።»

«አንተ ብቻ ሂድ። እንኳን አቧራ ዝንብም አይነካው።»

መርዳሳ አመስግኖ ወደ አዳማ ተመለሰ። ይህን ንግግር ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን በልቡ ሲደግመው ኖሯል።

በየወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ፣ የአዳማውን የጠዋት ልኬት ጨርሶ፣ በአውቶቡስ ወለንጪቲ ይወርድና በሰፊው የጋሪ መንገድ ወደ ዳሌቻ ይሄዳል። መለኪያዋ ሁልጊዜ ንጹሕ ናት፤ ታበራለች። ደብተሩ አንድ ቀን አልጎደለበትም። ቁጥሮቹን ይደምራል፣ ለሠላሳ ያካፍላል፣ አዲስ አበባ ይልካል። ኅዳር፣ አራት ነጥብ አራት። ታኅሣሥ፣ አራት ነጥብ አምስት። ጥር፣ አራት ነጥብ አምስት። ሽቦውን ፈትሾ አጠበቀ። ቆጣሪውን ፈትቶ ገጠመ። አቧራ ነው አለ። የወንጂ አገዳ ቃጠሎ ጢስ ነው አለ፤ አገዳ የተቃጠለበትን ቀን አጠያይቆ ከደብተሩ ጋር ቢያስተያየው አልገጠመም። የካቲትም አራት ነጥብ አምስት።

መጋቢት ላይ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ኢንጂነር ኃይለየሱስ ከአዲስ አበባ ስልክ ደወለ።

«አቶ መርዳሳ፣ ወለንጪቲ ከሩሲያ ጋር ተዋሰነች እንዴ? እኔ ሞስኮ ስማር በግንቦት ከዚህ የተሻለ ፀሐይ ሞቄያለሁ።»

«መሣሪያው ያለውን ነው የጻፍኩት።»

«መሣሪያ አይዋሽም። እንግዲያው ቦታው ነው።»

መርዳሳ ስልኩን ዘጋ። ራሱ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ለሌላው ሰው የሚለው ይህንኑ ነበር።

ሚያዝያ ሠላሳ ልኬቱ አለቀ፤ የመጨረሻውም ወር ደብተር በሰው እጅ አዳማ ደረሰው። የስድስት ወሩ አማካይ አራት ነጥብ አምስት ሆነ። የቀረው መፈረም ብቻ ነው። ግንቦት ሦስት፣ እሁድ ከሰዓት፣ መርዳሳ ስድስቱን ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ለመፈረም እጁ እምቢ ስላለው፣ ባለካሬ ወረቀት አመጣና የእያንዳንዱን ቀን ቁጥር በነጥብ እየመታ በመስመር ያያይዝ ጀመር። እስከዚያ ቀን ድረስ ደምሮ ከማካፈል በቀር ቀኖቹን አንድ በአንድ አላያቸውም ነበር።

መስመሩ ስድስት ቀን ተኝቶ ይሄድና በሰባተኛው ዘሎ ይነሣል። እንደገና ስድስት ቀን ይተኛል፤ በሰባተኛው ይነሣል። ስድስት ወር ሙሉ፣ ሃያ አምስት ጊዜ። የቀን መቁጠሪያ አየ። የሚነሣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ከዚያ ሌላ በየወሩ አንድ ማክሰኞ ግማሽ ያህል ብድግ ይላል።

«ሰማይ ሳምንት አያውቅም» አለ ጮክ ብሎ።

«ምን አልክ?» አለች ሚስቱ ጤናዬ።

«ዳሌቻ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ትበረታለች።»

ጤናዬ የተከፈተውን መስኮት ዘጋች። በሰፈሩ ጴንጤዎች መሆናቸው ይታወቃል፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ሰባት ዓመቱ ነው። «እንዲህ ያለውን ነገር ውጭ እንዳትናገር» አለችው።

ሐሙስ ዕለት፣ በማይጠበቅበት ቀን፣ ለማንም ሳይናገር ሄደ። አውቶቡስ ስላጣ ሽንኩርት ልትጭን በምትሄድ መኪና ተሳፈረ፤ መኪናዋም በመንደሩ ጀርባ፣ በገደሉ በኩል አወረደችው። ሽቅብ ሲወጣ እንጨቱ አናት ላይ ነጭ ነገር ታየው። ወፍ መሰለው። ቀረብ ሲል ዳንቴል ነው። በኪሮሽ የተሠራ፣ መሐሉ ላይ ጽጌረዳ ያለበት፣ ዳር ዳሩ ዘርፍ የወረደለት ዳንቴል። መለኪያዋ ላይ ተደፍቶ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ግርጌው በላስቲክ ታስሯል።

ሻሼ ከጽሕፈት ቤቱ ጥግ ብቅ አሉ። «ውይ! በየት በኩል መጣህ? ሳላይህ!»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አየኸው? ወንጂ ሳለሁ የሠራሁት ነው። ጽጌረዳዋን ሁለት ጊዜ ፈትቻታለሁ። የሬዲዮኔ ልብስ ነበር። ሬዲዮው ራቁቱን ይሁን፣ የመንግሥት ዕቃ ይበልጣል ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ተክለህ ከሄድክበት ቀን።»

«እኔ ስመጣ የት ነበር?»

ሻሼ በጥያቄው ተገረሙ። «እንግዳ ሲመጣ ዕቃ ተሸፍኖ ይቆያል እንዴ? ከመንገድ ሳይህ እገልጠዋለሁ። ስትሄድ አለብሰዋለሁ።»

«አዴ ሻሼ፣ ይህ የፀሐይ መለኪያ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ተሸፍኖ እንዴት ይለካል?»

«እየለካ አይደል? ቁጥር ያልሰጠበት ቀን አለ? ባይለካማ ቆጣሪው ይቆም ነበር።»

መርዳሳ ሊቆጣ ነበር፤ ግን እውነታቸውን ነው። በአቡጄዲ ሸፍነውት ቢሆን ቆጣሪው ዜሮ ይል ነበር፤ ነገሩም በሳምንቱ ይታወቅ ነበር። ዳንቴል ግን ቀዳዳ አለው። ከፀሐይዋ የተወሰነውን አስቀርቶ የተወሰነውን ያሳልፋል፤ ያሳለፈውም እውነት የሚመስል ቁጥር ሆነ። አቧራ የሚመስል፣ ጢስ የሚመስል።

«ቅዳሜስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ኡርጌሳ ራሱ ቢሮ ይውላል። እኔ አዋሽ ወርጄ ልብስ አጥባለሁ፤ ዳንቴሉንም ይዤው እወርዳለሁ። ስድስት ቀን አቧራ ጠጥቶ ሳይታጠብ ሊቀር ነው? አንተ አይደለህ አቧራ እንዳይነካው ያልከኝ?»

አዎ፣ እሱ ነው። አቧራውን ነገራቸው፤ ፀሐይዋን ማየት እንዳለበት ግን አልነገራቸውም። ይህ መነገር ያለበት ነገር መሆኑ በአእምሮው አላለፈም።

በማግስቱ ሥራ ጀመረ። ዐሥር ቀን ሙሉ ጠዋት አዳማ ለክቶ፣ ቀን ዳሌቻ ወጥቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አዳማ ተመለሰ። ጠራ ባለ ቀትር መለኪያዋን ግማሽ ሰዓት ዳንቴሉን ያለብሳታል፤ ግማሽ ሰዓት ይገልጣታል። ሻሼ አጠገቡ ቆመው ያያሉ።

«መጀመሪያ ለምን ሸፈንሽ አልከኝ፤ አሁን አንተው ትሸፍናለህ።»

«ዳንቴሉ ምን ያህል እንደበላብን ላውቅ ነው።»

«የኔ ዳንቴል ሌባ ሆነ በላ!»

ዳንቴሉ ከመቶው ሠላሳ ይበላል፤ ሰባውን ያሳልፋል። ተሸፍና የዋለችባቸው ቀኖች አማካይ አራት ነጥብ ሦስት ነው። ለዜሮ ነጥብ ሰባት አካፈለው፤ ስድስት ነጥብ አንድ። ከዚያ መለኪያዋ ባዶዋን የዋለችባቸውን ሃያ አምስት ቅዳሜዎች ደምሮ ለሃያ አምስት አካፈለ። ስድስት ነጥብ አንድ። በሁለት መንገድ ሄዶ አንድ ቦታ ደረሰ። የዚያን ቀን እያፏጨ በእግሩ ወለንጪቲ ገባ። በስድስት ወር ውስጥ ያፏጨው ያን ቀን ብቻ ነው።

አራት ገጽ ሪፖርት ጻፈ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ወረቀት ሁሉ ግን የአዳማው ቅርንጫፍ የፖለቲካ ኃላፊ የጓድ ብዙነህ ማኅተም ያስፈልገዋል። ብዙነህ ወረቀቱን አራት ቀን አስቀምጦ ጠራው።

«ጓድ መርዳሳ፣ ይህችን መስመር አንብብልኝ።»

መርዳሳ አነበበ። «ከቅዳሜ ቀናት የተገኘው ውጤት ከሌሎቹ ቀናት ሁሉ የላቀና የሚታመን ነው።»

«የእናንተ ሰንበት እኮ እሁድ ነበር። መቼ ወደ ቅዳሜ ተዛወራችሁ?»

«የሃይማኖት ነገር አይደለም ጓድ። ልብስ የሚታጠብበት ቀን ስለሆነ ነው።»

«አየህ፣ እኔ የሰማይ ሊቅ አይደለሁም። የሰፊው ሕዝብ ፀሐይ ግን ከሰኞ እስከ እሁድ እኩል ነው የምትወጣው። አንድ ጴንጤ ቅዳሜ ቀን ፀሐይ ትበልጣለች ብሎ በመንግሥት ወረቀት ጽፎ እኔ ማኅተም መታሁበት፤ ማን ነው የሚጠየቀው?»

«ቁጥሩ እዚያው አለ፤ ይዩት።»

«ቁጥሩን ተወው። ቅዳሜዋን አውጣልኝ።»

ሦስት ቀን ተመላለሰ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። በመጨረሻ ቅዳሜዎቹን አወጣ። አራቱ ገጽ ሁለት ገጽ ቀረ፤ ሁለቱ ማስረጃዎችም አንድ ቀሩ፤ ዳንቴሉ ብቻ። ወረቀቱ ማኅተም ተመታበት። ኮሚቴው ሰኔ ሦስት ይሰበሰባል ስለተባለ ፖስታ አላመነም፤ ራሱ ይዞት አዲስ አበባ ሄደ።

ኢንጂነር ኃይለየሱስ ሪፖርቱን ቆሞ አነበበ፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፋይል አለ። አንዱን ከፍቶ ወደ መርዳሳ ገፋው። የላንጋኖ ነው። ኅዳር አንድ፣ ስድስት ነጥብ ሁለት። ኅዳር ሁለት፣ ስድስት ነጥብ ሁለት። መርዳሳ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ድረስ ስድስት ነጥብ ሁለት ነው፤ በአንድ ቀለም፣ ባማረ እጅ ጽሑፍ።

«መጋቢት ዐሥራ አንድ እዚያ ቀኑን ሙሉ ዘንቧል» አለ መርዳሳ። «የዝናቡ መዝገብ እኛ ጋ አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ይህ ሰው አልለካም። ቁጭ ብሎ ነው የጻፈው።»

«አውቃለሁ አልኩህ። ግን ፎርሙ ተሞልቷል፣ ተፈርሟል፣ ምንም ጥያቄ አያስነሣም። ያንተ ላይ ዳንቴል አለ። ዳንቴሉን በየትኛው ዓምድ ላግባልህ? ከሙቀቱ ቀጥሎ ነው ከነፋሱ?»

«አስተያየት በሚለው ይግባ።»

«ትውልድህ የት ነው አቶ መርዳሳ?»

«ዳሌቻ።»

«እኔ አምኜሃለሁ። ኮሚቴው ግን ለትውልድ መንደሩ ሲል ቁጥር አሳደገ ነው የሚለው። ሁለት መንገድ አለህ። አራት ነጥብ አምስቱን እንዳለ አቀርባለሁ፤ ዳሌቻ ፀሐዩ ደካማ ተብሎ ለዘለቄታው ይሰረዛል። ወይም በአንተ ቸልተኝነት ልኬቱ ተበላሸ ብለህ ትፈርማለህ። ያልተለካ ቦታ ይባልና ለሚቀጥለው ዙር ይያዛል።»

«የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው?»

«እርዳታ ሲገኝ።»

«የአሁኑ ፓምፕስ?»

«ላንጋኖ።»

«ላንጋኖ እኮ ሐይቅ አለው!»

ኃይለየሱስ ፋይሉን ዘጋ። «ጥፋቱ የጥበቃዋ ነው ካልክ ደግሞ እሳቸው ይጠየቃሉ። የመንግሥት ንብረት ነው፤ አሻጥር ለማለት ብዙ አይፈጅም። ምረጥ።»

መርዳሳ ብዕር ለመነ። ሁለት መስመር ጻፈ፦ «ለጥበቃዋ ተገቢውን መመሪያ ባለመስጠቴ የዳሌቻ ልኬት ተበላሽቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ፈረመ። በሳምንቱ አዳማ ላይ፣ በሠራተኞች ስብሰባ፣ ጓድ ብዙነህ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ አደረገ። ለዋና ተመልካችነት ታጭቶ ነበር፤ ስሙ ተሰረዘ።

የቀረው ለዳሌቻ ሰዎች መንገር ነው። ደብዳቤ ጽፎ መተው ይችል ነበር፤ ራሱ ሄደ። ሊቀመንበሩ ኡርጌሳ በማለዳ ሕዝቡን ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ሰበሰበ። ወንዶቹ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ጄሪካኖቻቸውን እንደያዙ ከኋላ ቆሙ። መርዳሳ በኦሮምኛ ነገራቸው፤ ምንም ሳይሸፍን ነገራቸው።

«ስለዚህ ፀሐይ የለንም ነው የተባለው?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«የለም አባባ፤ አልተለካም ነው የተባለው።»

«ታዲያ ይሄ አናቴን የሚጠብሰኝ ምንድን ነው?»

ሰው ሳቀ። መርዳሳ አልሳቀም። ሻሼም አልሳቁም።

«ቸልተኝነት ብለህ ፈረምክ?» አሉት።

«የኔ ቸልተኝነት ነው ያልኩት አዴ ሻሼ። የእርስዎን ስም አላነሣሁም።»

«አንተ ቸል ብለሃል? በየወሩ አልመጣህም? እኔስ አንድ ቀን ቁጥር አሳልፌያለሁ? ማን ነው ቸል ያለው? ውሸት ነው የፈረምከው!»

«ካልፈረምኩ ለዘለቄታው ይሰረዛል አሉኝ።»

«እንግዲህ እነሱ ያሉህን ፈረምክ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ይቅር እንዳሉት ወይም እንዳላሉት መርዳሳ አላወቀም።

ኡርጌሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁን ምን እናድርግ?»

«እንደገና እንለካለን። ከነገ ጀምሮ፣ ስድስት ወር። እርዳታ ከመጣ ቁጥሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።»

«ካልመጣስ?»

መርዳሳ ሊመልስ ሲል ከኋላ የጄሪካን ኳኳታ ተሰማ። ሴቶቹ እየተንቀሳቀሱ ነው። ፀሐይዋ ከኮረብታው ከፍ ብላለች፤ አዋሽ ደግሞ ሦስት ሰዓት ነው። አበዛሽ ገመዱን በትከሻዋ አዙራ ደረቷ ላይ ቋጠረች፤ ወንድሟን አየችው።

«አንተ ለካ» አለችው። «እኛ እንሂድ።»